የአላባማ ታርጋ

«የመኪናዎ ታርጋ የየትኛው ስቴት ነው?» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሳ።

ቮኔታ ጋስኪን ጥያቄውን ሰምታለች። መልሱ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ እንዳለም ታውቃለች። ግን የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ አነበበች። «ሚስስ ቶሊቨር፣ የዩኒቨርሲቲው የነዋሪነት ጉዳይ» ይላል።

«የአላባማ» አለች በመጨረሻ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ኖቬምበር።»

«መንጃ ፈቃድዎስ?»

«እሱም። በአንድ ቀን ነው ሁለቱንም የቀየርኩት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀይሩ ይላል አይደል ሕጉ?»

«ይላል» አለች ሚስስ ቶሊቨር። ያዘነች መሰለች። «የሚቀይረው ሰው ጥቂት ነው እንጂ ይላል።»

እንግዲህ ፍረዱ። ቮኔታ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አርባውን የኖረችው ጆርጂያ፣ ኮሎምበስ ነው። አስራ አራት ዓመት የኮሎምበስን ልጆች በቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ አመላልሳለች፣ ዛሬም ታመላልሳለች። ባለፈው ዓመት የተከራየችው ቤት ተሸጠና አዲሱ ባለቤት በወር አራት መቶ ዶላር ጨመረባት። ወንዙን ተሻግሮ ፊኒክስ ሲቲ፣ አላባማ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት በድሮው ኪራይዋ ተገኘ። ድልድዩን በእግር ለመሻገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኦክቶበር ላይ ዕቃዋን ጭና ተሻገረች። ልጇ ኬዛያ የሃይስኩል መጨረሻ ዓመቷ ላይ ስለነበረች ርእሰ መምህሩ እዚያው ኮሎምበስ እንድትጨርስ ፈቀዱላት።

በአፓርትመንቱ ግቢ ከሚያድሩት መኪኖች ግማሾቹ ዛሬም የጆርጂያ ታርጋ ለጥፈው ነው የሚውሉት። አንዱ በእናቱ አድራሻ፣ ሌላው በፈታት ሚስቱ አድራሻ፤ ማንም ምን ሠራችሁ ያላቸው የለም። ቮኔታ ግን የሰው ልጅ ጭኜ የምነዳ ሰው በማልኖርበት ቤት አድራሻ መንጃ ፈቃድ አልይዝም አለች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሦስት ሰዓት ተሰልፋ ቀየረች። ታላቅ እህቷ ኧርሊን ያን ቀን «አንቺ ሴት፣ ገነትም የምትገቢው ተራ ይዘሽ ነው?» ብላ ስቃባት ነበር። አሁን የሚያስቅ ነገር የለም።

ኬዛያ የእንስሳት ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። የግል ኮሌጆችን አይተው ነበር፤ ቅናሽ አድርገናል ብለው የላኩት ደብዳቤ ራሱ የቮኔታን የዓመት ደሞዝ ይጠይቃል። የገዛ ስቴት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ግን ለነዋሪ ክፍያው ሲሶ ነው፤ በዚያ ላይ ጥሩ ውጤት ላመጣ የጆርጂያ ልጅ ስቴቱ ራሱ አብዛኛውን ይሸፍንለታል። ማመልከቻው የገባው ሴፕቴምበር ላይ፣ ገና ኮሎምበስ ሳሉ ነበር። ተቀበሏት። እናትና ልጅ «ይቻላል! ይቻላል!» ብለው ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው ዘለሉ። ጁላይ ላይ ሂሳቡ ሲመጣ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። አድራሻ ቀይራችኋል፣ የሌላ ስቴት ሰዎች ናችሁ፣ ይላል።

ታዲያ አላባማ ለምን አትማርም የሚል አይጠፋም። አላባማም በበኩሏ አስራ ሁለት ወር ይሙላችሁ ትላለች፤ ሲሞላም ጆርጂያ የምትሸፍነውን ያህል የሚሸፍን የለም። ቮኔታ ይህን ሁሉ ጠይቃ ጨርሳ፣ በመጨረሻ ዛሬ ዓርብ፣ በእሷ ፈንታ አውቶቡሱን የሚነዳ ሰው ለምና፣ ሦስት ሰዓት ነድታ ይግባኝ ልትል መጥታለች።

«ግብሬን የምከፍለው ለጆርጂያ ነው» አለች፣ የደሞዝ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «ይኸው። በየወሩ ነው የሚቆርጡብኝ። ብሩን ሲወስዱ የጆርጂያ ሰው ነኝ፣ ልጄን ላስተምር ስል የአላባማ?»

«አይቻለሁ፣ ወይዘሮ ጋስኪን። እኛ ግን የሚሠሩበትን ሳይሆን የሚኖሩበትን ነው የምናየው።»

«የምኖርበት ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ ኮሎምበስ ይታየኛል እኮ! እዚያ የምሄድበት ቤተክርስቲያን ጣሪያ ይታየኛል!»

«እማ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ኬዛያ ቀስ ብላ። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናደድ ድምጿ ከፍ ከማለት ይልቅ የሚያንስ ልጅ ናት።

ሚስስ ቶሊቨር የወረቀት መሐረቡን ካርቶን ወደ ቮኔታ ገፋ አደረገችው። «በእኔ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ነበር የምፈርምልዎት። በዚህ ሳምንት ብቻ እንደ እርስዎ ያሉ አስራ ሰባት ሰዎች መጥተውብኛል። ደንቡን የምጽፈው እኔ አይደለሁም።»

ጨካኝ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ጨካኝ ይሰደባል፤ እንዲህ ያለችውን ደግ ምን ይሏታል?

ዛሬ ጠዋት ኧርሊን ደውላ ነበር። «ኬዛያ ከእኔ ጋር ነው የኖረችው በያቸው። ማን ሊያጣራ ነው? እኔ ቤት አልጋ ያላት ልጅ አይደለችም እንዴ?» ስትላት፣ ቮኔታ «አልዋሽም» ብላ ስልኩን ዘግታባታለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አሁን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንደ እውነቱ ከሆነ» አለች፣ «ልጄ የኖረችው ከእህቴ ጋር ነው። ኮሎምበስ። እኔ ብቻ ነኝ የተሻገርኩት።»

ኬዛያ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ በትርፍ የተመለሰላትን አንድ ዶላር ልትመልስ ከቤቷ ደጃፍ ተመልሳ ሱቅ የምትሄድ ሴት ናት። ስትዋሽ ሰምታት አታውቅም። የሚስስ ቶሊቨር ጣቶች የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እንዳሉ ቆሙ።

«ፍርድ ቤት ለእህትዎ አሳዳጊነት የሰጠበት ወረቀት አለ? ዓመት ያለፈው?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከእህትዎ ጋር መኖሯ ምንም አይለውጥም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን ያሉኝን አልጻፍኩትም።»

ቮኔታ የዘረጋቻቸውን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች። መዋሸቱ አንሶ፣ ውሸቱ እንኳን የማይረባ ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለች ኬዛያ።

ሚስስ ቶሊቨር ወንበሯን ወደ ልጅቷ አዞረች። «አንድ አለ፣ ቀላል አይደለም። አንቺ ራስሽን የቻልሽ ሆነሽ ጆርጂያ ውስጥ አስራ ሁለት ወር መኖር አለብሽ። በስምሽ ተከራይተሽ፣ በራስሽ ደሞዝ። እናትሽ በግብር ወረቀቷ ላይ የምረዳት ልጄ ናት ብላ አታስመዘግብሽም። ኪራይ፣ ምግብ፣ ስልክ፣ ኢንሹራንስ፣ ከእናትሽ ምንም።»

«ምንም ማለት?» አለች ቮኔታ።

«ምንም። ስትጠየቅ በደረሰኝ ታሳያለች፣ እርስዎም ቅጽ ይፈርማሉ።»

«የልደት ኬክስ? ኬክም በደረሰኝ ነው?»

ሚስስ ቶሊቨር አልሳቀችም። «ኬክ ግድ የለም» አለች፣ የምሯን አስባበት። «ቦታሽን ለአንድ ዓመት እናቆይልሻለን። የሚመጣው ዓመት ትምህርት ግን ኦገስት አስራ ሰባት ይጀመራል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር አስራ ሁለት ወሩ ከፊታችን ሰኞ መጀመር አለበት። ሰኞ ካለፈ ያም ዓመት ያልፍሻል።»

«ስለዚህ ልጄ አይደለችም ብዬ ልፈርም ነው የሚሉኝ?» አለች ቮኔታ።

«ቅጹ ልጄ አይደለችም አይልም። አልረዳኋትም ነው የሚለው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ወደ ማተሚያው ዞረች። ቅጹን አትማ ሰጠቻቸው።

መኪና ማቆሚያው አዲስ ተማሪዎች በሚያወርዱ ቤተሰቦች ተጨናንቋል። አንድ አባት ትንሽ ፍሪጅ ታቅፎ ያልባል፣ ሚስቱ ትራስ ተሸክማ ትከተለዋለች፣ ልጃቸው ከፊት ከፊት እየሄደ ስልኩን ያያል። ቮኔታ መኪናዋ ጋ ስትደርስ የኋላውን ታርጋ ትንሽ አየችውና በሙሉ ጉልበቷ ረገጠችው። ታርጋው ምንም አልሆነም፤ የእግሯን አውራ ጣት ግን አመማትና አንድ እግሯን ይዛ ዘለለች። ባለፍሪጁ ሰውዬ ቆሞ አያት።

«ምን ታያለህ? ፍሪጅህን ያዝ!» አለችው።

ኬዛያ ሳቀች፣ ወዲያውም ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። መኪና ውስጥ ገብተው የቤታቸውን መንገድ ያዙ። ኧርሊን ስትደውል ኬዛያ ስልኩን ድምጹ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ አነሳችው።

«እሺ፣ ምን አሏችሁ?»

«እምቢ አሉ፣ አክስቴ። እማ ዋሽታ ነበር፣ እሱም አልሠራም።»

«ኔታ ዋሸች? የኛዋ ኔታ?» ኧርሊን በሳቅ ፈረሰች። «አይ ያንቺ ነገር! ውሸት እኮ በወቅቱ ነው እህቴ፤ የዛሬ ዓመት ብትዋሺ ኖሮ ዛሬ ልጅሽ መኝታ ክፍሏ ገብታ መጋረጃ ትሰቅል ነበር!»

«ኧርሊን፣ ዛሬ ተይኝ» አለች ቮኔታ። «በእግዚአብሔር ተይኝ።»

ኧርሊን የእህቷን ድምጽ ስትሰማ ሳቋን አቆመች።

«አክስቴ» አለች ኬዛያ፣ «የኋላውን ክፍል ታከራዪኛለሽ?»

«ማከራየት? አንቺን? ነይና ግቢ!»

«አይ፣ በወረቀት። ውል እንፈራረማለን፣ በወር ሦስት መቶ። እሑድ እገባለሁ። ኮሎምበስ በትርፍ ሰዓት የምሠራበት የውሻ ክሊኒክ ሐኪም ሙሉ ቀን መሥራት ከፈለግሽ ንገሪኝ ብሎኛል።»

«ልጅት፣ እኔ ካንቺ ኪራይ ብቀበል እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ በጫማ ነው የምትለኝ።»

«ካልተቀበልሽ አይቆጠርልኝም።»

ከዚያ ኧርሊን «እሺ» አለች፣ ያለ ቀልድ። «እቀበላለሁ። ሳህን ማጠቡ ግን ኪራዩ ውስጥ አይገባም፣ እወቂው።»

ስልኩ ሲዘጋ ቮኔታ መሪውን ጨበጠች።

«እኔ አልተጠየቅኩም እኮ» አለች።

«እማ፣ አንቺ መጠየቅ የለብሽም። አንቺ የሌለሽበት ነገር ነው መሆን ያለበት። ሴትዮዋ ያለችው እሱን ነው።»

ልጇ ለክፋት አላለችውም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር ከገዛ ልጅ አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የወለደ ያውቀዋል። ቮኔታ ማልቀስ አማራት፣ ግን አውራ ጎዳና ላይ ናት፣ ጭነት መኪናዎቹ ግራና ቀኝ ያልፏታል።

«እኔ ልመለስ» አለች። «ኮሎምበስ ቤት ልፈልግ። እኔ ከተመለስኩ አንቺም ትመለሻለሽ።»

«በሁለት ቀን ውስጥ? የአፓርትመንቱ ውል የሚያልቀው ኦክቶበር ነው። እስከዚያ ሁለት ኪራይ በምን ትከፍያለሽ?»

«እለምናለሁ።»

«ማንን?»

ቮኔታ የሚለመን ሰው አስባ አጣች። ያላትን ሁሉ በስም ቆጠረች፦ ፓስተሩ፣ የአውቶቡሶቹ ኃላፊ፣ የኬዛያ አባት፣ እሱም የት እንዳለ ከታወቀ። ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ከአንዱ በስተቀር፤ አንዳቸውም ግን ሰኞን አያስቀሩላትም። አርባ ልጅ ጭና በዝናብ፣ በጭጋግ የምትነዳ ሴት አንዲት ልጇን ወንዝ ማሻገር አቃታት።

«አንድ ዓመት ነው፣ እማ» አለች ኬዛያ። «እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን እንገናኛለን። አምስት ደቂቃ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ስንት ደቂቃ እንደሆነ።»

ግማሽ መንገድ ላይ ቤንዚን ሊቀዱ ቆሙ። ከማደያው ሱቅ የተጠበሰ ዶሮ ሽታ እስከ ፓምፑ ድረስ ይመጣል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ገብተው ተሰለፉ። ባንኮኒው ላይ ያለችው አሮጊት ነጭ ፀጉሯን ከኋላ ያሰረች፣ ለሁሉም «የኔ ማር» የምትል ሴት ናት።

«ሁለት ሳህን ዶሮ፣ ከድንች ጋር» አለች ቮኔታ፣ ሃያ ዶላር ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ።

«የእኔን ለብቻ አድርጊልኝ» አለች ኬዛያ ከጎኗ። የራሷን ገንዘብ ከኪሷ አውጥታ ይዛለች። «ደረሰኝም እፈልጋለሁ።»

«ኬዛያ፣ ዶሮ እኮ ነው» አለች ቮኔታ በሹክሹክታ። «ሰኞ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ዓርብ ነው።»

ኬዛያ ወለሉን እያየች ገንዘቧን ወደ አሮጊቷ ዘረጋች።

«እንዴ የኔ ማር፣ እናትሽ ልትከፍልልሽ አይደል?» አለች አሮጊቷ፣ እየሳቀች ወደ ቮኔታ ዞራ። «አንድ ላይ ናችሁ አይደል?»

ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። ቮኔታ ልጇን አየቻት። ዛሬ አንዴ ከፍላ ነገ ብትለያት፣ ነገም እንደ ዛሬ እንደሚከብዳት፣ ሰኞም እንደሚከብዳት ገባት። ሃያ ዶላሩን ከባንኮኒው ላይ አንስታ አጠፈችው።

«አይ» አለች። «ለየብቻ ነን።»

አሮጊቷ ትከሻዋን ነቅንቃ መጀመሪያ የልጅቷን ሂሳብ መታች።