የተረፈው ጠርሙስ

ድሬሰር ደሳለኝ ጉሉኮስ አይደፋም። ለአንዱ ሕፃን ከተንጠለጠለው ግማሹ ሲተርፍ፣ የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ወትፎ ለሚቀጥለው በሽተኛ ድንኳኑ ጥግ ያቆመዋል። ድንኳኑ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቆቦ ወጣ ብሎ ለተጎጂዎች የተተከለ ነው፤ በቀትር ሸራው ሥር አየሩ ይፋጃል። ደሳለኝ ግን በዚህ ዘመን ምግብ የሚደፋ ከሰው አይቆጠርም ይላል። እናቶችም ይመርቁታል።

ሲስተር ማንያህልሻል ማክሰኞ ማክሰኞ ከወልድያ ትመጣለች። ለሰው ምግብ የሆነ ለተሐዋስያንም ምግብ ነው፤ የታሸገውን ጥላ ውስጥ አኑር፣ ከከፈትኸው የተረፈውን ድፋ፤ ጥርት ብሎ ቢታይህም ሲያድር ተሐዋስያን ይራቡበታል ብላ ተቆጣችው። እሺ አላት። መኪናዋ ዞር እንዳለች ጥጡን አንሥቶ የተረፈውን መልሶ ወተፈ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ የበሽተኞቹን ካርድ እጽፋለሁ። ከትራፊው የተሰጣቸው አምስት ሰዎች ሰዓት ሳይሞላ እየተንቀጠቀጡ ጋሉ፤ ሁለቱ ሞቱ። ደሳለኝ ወባ ብለህ ጻፍ አለኝ። ከአዲስ ጠርሙስ የተሰጣቸውን ይህች ወባ ለምን እንደምትምራቸው አልጠየቅሁትም። ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። ወባ ብዬ ጻፍሁ፤ ያውም አንድ ፊደል ሳልስት።

ሐሙስ እናቴ ታናሽ እኅቴን ወለላን አዝላ ከዋጃ መጣች። ተቅማጡ የልጅቱን ዓይን አጎድጉዶታል። ደሳለኝ ክንዷን አሸት አሸት አድርጎ የደም ሥሯን አገኘና ወደ ጥጉ ሄደ።

«ጋሼ፣ እሱን አይስጧት» አልሁ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ዛሬ አፍ አወጣህ?»

«የትናንት ነው። አዲስ ይክፈቱላት።»

«አዲሱ ሦስት ነው የቀረው። ያንተ እኅት ስለሆነች ነው?»

እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ይበልጥ አንገበገበኝ።

«ለአምስቱም መናገር ነበረብኝ» አልሁና ጠርሙሱን ከእጁ ነጥቄ መሬት ላይ ደፋሁት። ጥግ የቆሙትን ሁለቱንም ደገምሁ። እናቶቹ ደረታቸውን መቱ። አንዷ አሮጊት እርጥቡን አፈር በመዳፋቸው እየዳበሱ ረገሙኝ። ደሳለኝ አዲስ ከፈተ።

ወለላ አልተንቀጠቀጠችም። ማታ ውኃ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እህል ደፊው ይለኛል። ይበሉኝ። አምስቱን ካርዶች አውጥቼ ወባ የሚለውን ሰርዣለሁ፤ በምትኩ ከተረፈ ጠርሙስ እንደተሰጣቸው ጽፌባቸዋለሁ። ማክሰኞ ሲስተር ስትመጣ፣ ደሳለኝ እያየ በእጇ እሰጣታለሁ።