ከላይ መስቀል፣ ከታች ክብ

የእባብ ቤቱ ጠባቂ ለቀናት እንቅልፍ ሳታገኝ እናቷን አስታማ ተመለሰች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ሣጥን ሄደች።

የምትሠራበት ተቋም ከእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት ያዘጋጃል። ሣጥኑ ውስጥ የተኙት የአሮጊቷ ኮብራ እንቁላሎች ናቸው። ወንዱ ከሞተ ቆይቷል፤ ግን ሴት እባብ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ አቆይታ ሲመቻት ልትጠቀምበት ትችላለችና፣ ባልቴቷ ማንም ሳይጠብቃት እንቁላል ጣለች። አለቃው ግን ቁርጡን ተናግሯል። "እነዚህ ካልተፈለፈሉ ቤቱን እንዘጋዋለን፤ አንቺም መጋዘን ትገቢያለሽ።" እሷ ደግሞ ከእባብ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

ክዳኑን ከፈተች። ከፊት ባሉት እንቁላሎች አናት ላይ በእርሳስ የሠራችው መስቀል የለም። በቦታው ክብ ተሥሏል።

"ጋሼ!"

ከዶሮ ማስፈልፈያ በቅርቡ ተዛውረው የመጡት ሽማግሌ እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ አባ ጫጩት ይላቸዋል።

"መጣሽ ልጄ? እናትሽ እንዴት ሆኑ?"

"ደህና ናት። ይህን ክብ ማን ሠራው?"

"እኔ ነኛ! መስቀሉን ሳይ ገባኝ። በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ፤ ዶሮ ቤትም የተገለበጠውን የምንለየው እንዲሁ ነው። ክቡን በጥድፊያ የረሳሽው መስሎኝ ሞላሁልሽ። ጠዋት ማታ ሳላስታጉል አገላብጫቸዋለሁ።"

"መስቀሉ እኮ እንዳይገለበጡ ነበር፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ፈገግታቸው ከፊታቸው ረገፈ። "የዶሮ ካልተገለበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ይጣበቃል።"

"የእባብ መጣበቅ አለበት። ከተጣለ ብዙም ሳይቆይ ከላይ በኩል ይይዛል፤ ሲገለብጡት አስኳሉ ይጫነውና ይታፈናል።"

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ቁጣም አቅም ይፈልጋል። ደግሞስ የእናቷ መታመም በስልክ ሲነገራት "እንቁላሎቹን አደራ" ብላ ብቻ የሮጠችው ራሷ አይደለችም?

መብራቱን አጥፍተው በባትሪ ማየት ጀመሩ። በሕይወት ያለ እንቁላል ውስጡ ቀያይ ክሮች ይታዩበታል። የመጀመሪያው ባዶ ቢጫ ነበር። ሁለተኛው ውስጥ የረጋ ጥቁር ነገር። ቀጣዩም እንደዚያው።

አባ ጫጩት ሊያጽናኗት ብለው በባትሪው ጭላንጭል ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የእባብ አካል ሥዕል ዞሩ። "አንድ ረጅም ሳንባ፤ ኩላሊቶቹ እንኳ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ። ሁሉም ወረፋ ይዞ የቆመ ይመስላል። ወንዱ ደግሞ ጅራቱ ሥር ሁለት ብልት ደብቆ በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው ብለሽኝ አልነበር? ሌላው ዕረፍት ላይ ነዋ። ታድሎ!"

በሌላ ቀን ትስቅ ነበር።

"ጥግ ላይ ያሉትስ?" አለች።

"እነሱንማ አታንሺብኝ፣ አሳፍረውኛል። እርስ በርስ ተጣብቀው እንቢ አሉኝ። ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ስስ ነው፤ እንዳይቀደዱ ፈርቼ ተውኳቸው። ሥራውን አልጨረሰም እንዳትዪኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ባትሪውን አስጠጋች። ሦስት ናቸው፤ መስቀላቸው አሁንም ከላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ቀያይ ክሮች እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተዋል። በአንደኛው ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ቀስ ብሎ ተላወሰ።

"ምንድን ነው? ንገሪኝ እንጂ!"

"እንቢ ያሉዎት ተርፈዋል።"

አለቃው የጠየቀው እባብ ነው፤ ብዛት አልጠየቀም። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"አይንኳቸው። ሙቀቱን ብቻ ይዩልኝ።"

አባ ጫጩት ወንበር አምጥተው ከሣጥኑ አጠገብ አኖሩ። ሊቀመጡ ሲሉ ቀና ብለው አዩዋትና ወንበሩን ወደሷ ገፉት።

"በይ አንቺ ተቀመጪ። ምንም አለማድረጉ ቆሜም አያቅተኝም።"

ተቀመጠች። ቦርሳው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር፤ እሳቸው ቀስ ብለው ሲያወርዱላት እንቅልፍ ወስዷት አልሰማችም።