ጨርቅ የሸፈናት መስመር

የዓለም ቁንጮ የቼዝ ተጫዋቾች ሲወዳደሩ ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ ተንታኝ ይሆናል። ስልኩን በስፌት መኪናው ላይ አስደግፎ፣ «ይሄን እንዴት ይስታል? እኔ እንኳን ያየሁትን!» እያለ ሻምፒዮኖቹን ያብጠለጥላል። እውቀቱ ሁሉ የሚመጣው ግን ከሰሌዳው ጎን፣ ኮምፒውተር ማን እየመራ እንደሆነ ከሚያሳይባት መስመር ነው። ይህን ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምን ነበር።

ቁልፍ የምትተክለው ታላቅ እህቱ ግን ነቅታበታለች። ዛሬ ቁራጭ ጨርቅ አንስታ መስመሯን ሸፈነችበትና «በል አሁን ተንትን» አለችው።

እሱ ደግሞ አላውቅም ማለት የት ለምዶ! «ነጩን የያዘው ሰውዬ ከባድ ነገር እያሰላ ነው» ብሎ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ጠጠር ሳይነቃነቅ ግንባሩን ቋጥሮ አብሮት አሰበ። «ትዕግስቱን አየሽልኝ?»

እህቱ ሰለቻትና ጨርቁን አነሳችው። ከስሩ «ጨዋታው በአቻ ተጠናቋል» ይላል፤ ከተጻፈ ግማሽ ሰዓት አልፎታል።

ልብስ ሰፊው ላቡን ጠርጎ መቀሱን አነሳ።

«እኔም ብሆን፣ እትዬ፣ አቻውን እቀበል ነበር።»