እርድና ኖራ

እዚህ አሜሪካ በሥራ ተቀጥሮ ለመቅረት ጎበዝ መሆን አይበቃም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋው የሚያጥረው ከሙያ ጓደኞቹ ሁሉ በላይ መሆኑን በሰው ላስመሰከረ ነው። ኮኪላ ደግሞ ያደገችው ደቡብ ሕንድ፣ «እኔ» ማለት በሚያሳፍርበት የታሚል ቤት ነው፤ ኒው ጀርሲ ይህን ያህል ዓመት ተቀምጣም አልለቀቃትም።

እሷና ሬቫቲ በአንድ ቤተ ሙከራ ይሠራሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሲተነፍስበት የሚቀላ ቢጫ ወረቀት አብረው ሠርተው ስማቸው ተጠርቷል። ሐሳቡ የመጣው ከኮኪላ ነው። እናቷ መንገደኛ ስትሸኝ እርድና ኖራ በውሃ በጥብጣ፣ ቀይ ሲሆን ክፉ ዓይን እንዳያገኘው በሳህን ፊቱ ላይ ታዞርለት ነበር። ቢጫው ለምን እንደሚቀላ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲከነክናት ኖሮ ወረቀቱን ወለደ። ወረቀቱ ሰንብቶ እንዳይበላሽ ያደረገችው ግን ሬቫቲ ናት። አንዷ ባትኖር ነገሩ አይሆንም ነበር።

ካቻምና ሬቫቲ ለመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክት ምስክር አስፈለጋት። ጠበቃዋ ያረቀቀውን ደብዳቤ ይዛ ኮኪላ ቤት መጣችና የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አካ፣ እንዲህ ካልተጻፈ አያልፍም ይላል» አለች። ታላቅ እህቷን እንደምትጠራ ነው የምትጠራት።

«ሐሳቡ ከመነሻው የሬቫቲ ብቻ ነው፤ እኛ እሷን ተከትለን ነው» ይላል ደብዳቤው።

«እኔ ታዲያ እዚያ ምን ስሠራ ነበር? ሻይ ሳፈላ?» ብላ ኮኪላ ሳቀችና ፈረመች። በቤተ ሙከራው ያለ የውጭ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ይጻጻፋል፤ እንደ ሠርግ ምርቃት ነው፣ ማንም ቃል በቃል አይወስደውም። ደግሞስ ታናሽ ለምና መጥታ ታላቅ «የኔ ነው» ልትላት ነው?

ዘንድሮ የኮኪላ ተራ ደረሰ። ልጇ ኒላ ሃያ አንድ ልትሞላ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ እናቷ እስከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ካላገኘች፣ ያን ቀን በሕግ ልጅ መባሏ ያበቃና ከእናቷ ቪዛ ወጥታ፣ በሕፃንነቷ የለቀቀችውን አገር «አገርሽ ነው፣ ግቢ» ትባላለች። ኮኪላ ወደዚያው ጠበቃ ሮጠች። ሰውዬው የድሮውን ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሐሳቡ የሬቫቲ ብቻ ነው ብለው ፈርመዋል።»

«ያረቀቁት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት። አሁን የኔ ነው ካሉ፣ ወይ ያኔ ዋሽተዋል ወይ አሁን ይዋሻሉ። ሬቫቲ ታስተካክለው ካልን ደግሞ የሷ ፈቃድ ይነካል።»

ከዚያ ቢጫ ወረቀት ሌላ በሥራ የምታሳየው አልነበራትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የፊርማ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ማታ ባሏ ሴልቫም «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ» አላት። ወዲያው ተጸጸተና ተነስቶ ያልቆሸሸ ሳህን ማጠብ ጀመረ።

ሬቫቲ ወሬውን ሰምታ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አካ፣ እውነቱን እጽፋለሁ። ብቻ ልጆቼ...»

ኮኪላ ቀደም ብላ የቀዳችላትን ሻይ ወደሷ አስጠጋች። ኮኪላ እንድትጽፍላት ፈልጋ ነበር፤ በሙሉ ልቧ ፈልጋ ነበር። ግን ታላቅ ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ አውጥቶ መጠየቅ አልፈጠረባትም።

«ተዪው፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለቻት።

ሬቫቲም ሻይዋን ጠጣች።

ኒላ ሃያ አንድ ሞልቷት ወደ ሕንድ የምትሄድ ዕለት ሬቫቲ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ልታደርሳቸው መኪናዋን ይዛ መጣች። ኮኪላ በሩ ላይ እርዱን በውሃ በጠበጠች፤ ኖራውን ጣል ስታደርግበት ቀላ። ሳህኑን በልጇ ፊት ስታዞር ውሃው ደፍ ላይ ፈሰሰ።

ኒላ እናቷን ለማሳቅ ብላ የልጅነት ጥያቄዋን አነሳች።

«አማ፣ ለምንድነው የሚቀላው?»

ድሮ ቢሆን ኮኪላ ሥራዋን ትታ ታስረዳት ነበር። አሁን ሳህኑን እንደያዘች፣ ሻንጣ ተሸክማ ደረጃው ላይ ወደቆመችው ሬቫቲ ዞር አለች።

«እሷን ጠይቂያት» አለች። «የሷ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።»