ሦስት ጥይት በዋለ ሰርግ

የወንድሜ የዋለ ሚዜ፣ ምስክር የሚባለው፣ ከደጎሎ መጣና ደስታው ቢያይልበት ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ለቀቀ። አንገቱን ባንቀው በወደድኩ! ያገራችን ሰው ሰርግ ላይ ካልተኮሰ የደገሰ አይመስለውም፤ ይገባኛል። ግን እኛ ተኩስ አቁም ላይ ነበርን።

አምና በወሰን ጠብ ዋለ የአቶ አለምነውን ልጅ፣ ቢያድግልኝን፣ እግሩን በጥይት መታው። ሽማግሌዎች ገቡና እርቁ እስኪያልቅ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ፣ ከሁለቱም ወገን አንድም ጥይት እንዳይጮህ አስማሉን። አጎቴ ጋሼ ንጉሡ የድሮ ወታደር ናቸው። "ተኩስ አቁም እርቅ አይደለም፤ ጣትን ከቃታ ላይ ማንሣት ብቻ ነው" ይሉናል። ይህን ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ ያልሰማ የለም፤ ከምስክር በቀር። ለእሱ መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። በድግሱ ጥድፊያ ረሳሁት።

ከወንዙ ማዶ የአቶ አለምነው ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ሲወጡ አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት! ከካቡ ጀርባ ተኙ። ዋለ ነጭ በነጭ ለብሶ ዳሱ በር ላይ ተገትሯል፤ እሱን ከማዶ ለመለየት መነጽር አያስፈልግም።

ጋሼ ንጉሡ ድንጋይ ላይ ወጥተው "ተኩስ አቁም!" አሉ። ደረታቸው የታመመ ነው፤ ድምፃቸው ከግቢያችን አላለፈም።

"ዝናሽ፣ ምን ቆመሻል? ተቀብለሽ አስተላልፊ እንጂ!"

ሮጥኩ። በዚያ ጭንቅ እንኳ ከኋላዬ ያስተምሩኛል! "ጦር ሜዳ ቃሉ እንዲህ ነው የሚሄደው! አዛዡ ሲናገር የሚሰማው አጠገቡ ያለው ብቻ ነው፤ እሱ ለጎኑ፣ ያም ለጎኑ! ሬዲዮ የመጣው ኋላ ነው!"

ጫማዬን ጥዬ አፋፉ ላይ ደረስኩ። "ተኩስ አቁም! የሰርግ ነው!" ነፋሱ ድምፄን መልሶ ለእኔው ሰጠኝ። ማዶ አንዱ ጠመንጃውን ደገነ። ወንድሜን ገደልኩት አልኩ።

ያኔ ከታች፣ ከወንዙ ዳር፣ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ጥላ ወደ ማዶው ዳገት እየሮጠች ጮኸች። "ተኩስ አቁም! የሰርግ ነው! አለምነው፣ ተኩስ አቁም!" ማዶ ደጅ የቆሙት ሴቶች ተቀበሏት። በመጨረሻ አቶ አለምነው ራሳቸው እጃቸውን አንሥተው ለሰዎቻቸው ደገሙት። ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ወላሂ፣ ክርስቲያን ብሆንም ወላሂ ነው የምለው፣ እንደዚያ ቀን እልል ብዬ አላውቅም!

ወንዙን ተሻግሬ ሴትዮዋ ጋ ስደርስ ነው ማን እንደሆኑ ያወቅኩት። እትዬ ሸጋዬ፣ የቢያድግልኝ እናት! ዝም ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ።

"እትዬ፣ እንዴት ለእኛ ጮሁልን?"

"ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ።" ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። "የኔው ልጅ የተመታ ለት እዚሁ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ገና ጥይቱ ሳይተኮስ ከናንተ በኩል 'ኧረ ተው፣ ገላግሉ!' የሚል ድምፅ ሰማሁ። እላይ ያሉት የኛ ሰዎች አልሰሙም፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሴት ነኝ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።"