ገመድ ተቀባዮቹ

ባሕረ ሰላጤው እኮ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ባሕሩ መሬቱን ሰርስሮ ገባና ከተማዋን ለሁለት ከፈላት፣ በቃ። ከወዲህ ሆነህ ማዶ የተሰጣ ልብስ ታያለህ። በመኪና ዞሮ መሄድ ግን ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ሰዉ ሁሉ በጀልባ ነው የሚሻገረው።

ጀልባዋ ስትደርስ ገመድ ተቀብሎ የሚያስራት ከወዲህ ታናሽየው፣ ከወዲያ ታላቅየው ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው የሞተ ሰሞን "እማዬ እኔ ጋ ትኑር"፣ "የለም፣ እኔ ጋ" ተባብለው ተኳረፉ። እናትየዋ ታናሽየው ጋ ቀረች፣ ታላቅየው ማዶ ሄዶ ሥራ ያዘ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ አንዱ የፈታትን ጀልባ ሌላው እያሰረ፣ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሰፈሩ "ሰፊውስ የነሱ ባሕር ነው" እያለ ይቀልድባቸዋል።

እናትየዋ ደግሞ ተንኮለኛ ናት። ትልቁ ልጇ ሲናፍቃት በጀልባዋ ካፒቴን "ልትሞት ነው በለው" ብላ ትልካለች። ሥራውን ጥሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ግቢ ስትጠርግ ያገኛታል። "አንተን ሳይ ተሻለኝ" ትለዋለች። ሁለቴ ተሸወደ። በሦስተኛው ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን የእውነት ሆነ። ልታያት የመጣችው ነርስ የእናትየዋን እጅ ይዛ ቆየችና ታናሽየውን በረንዳ ላይ ጠርታ፣ "የሚጠራ ሰው ካለ ጥሩ" አለችው።

እናቱን ለጎረቤት ሴትዮ አደራ ብሎ ወደ ወደቡ ወረደ።

"እማዬ ደክማለች፣ ይምጣ በለው" አለው ካፒቴኑን።

"ራስህ ብትሄድስ?"

"እኔ? እሱን ልለምን?"

ጀልባዋ ሄዳ ተመለሰች። ካፒቴኑ ገና ሳይወርድ ራሱን ነቀነቀ።

"ሳቀብኝ። 'ደሞ ሞተች? ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው በላት' አለኝ። አትፍረድበት፣ በኔ አፍ ስንቴ ዋሽታዋለች።"

ታናሽየው መሳቅም ማልቀስም አቃተው። ወንድሙ የሚያምነው አንድ አፍ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ስድስት ዓመት የተዘጋው የራሱ አፍ ነው። ጀልባዋን ፈታና ዘሎ ገባ።

ማዶ ሲደርሱ ታላቅየው ገመዱን ሊቀበል እጁን ዘርግቷል። ወንድሙን ከፊት ቆሞ ሲያየው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ገመዱ ደረቱን መትቶት ወደቀ። አንስቶ አሰረው።

"እውነት ነው?" አለ።

"እውነት ነው፣ ጋሼ።"

ከነሥራ ልብሱ ጀልባዋ ላይ ወጣ።

ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ስሜን ጠርታለች?" አለ ታላቅየው።

"ጠዋት፣ 'ያ ኩርፍተኛ ቁርሱን በልቶ ይሆን?' ስትል ነበር።"

ታላቅየውን ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

ወዲህ ሲደርሱ ካፒቴኑ ገመዱን አንስቶ የሚወረውርለት ሰው አጣ። ተቀባዩ ጀልባው ውስጥ ነዋ። ጀልባዋ ዳር ሳትነካ፣ ሁለት ሜትር ውሃ መሃል ቀርቶ፣ ወዲያ ወዲህ ትዋልላለች። ዳሩ ላይ ያቺ ጎረቤት ሴትዮ ቆማለች። እናታቸው አጠገብ መሆን የነበረባት ሴት።

"አሁን ነው ያረፈችው" አለች። "ልጄ የት ሄደ እያለች…"

"የቱ ልጇ?" አለ ታላቅየው።

"ትንሹ። አጠገቧ ስታጣው ጊዜ ፈራች።"

"አንተን ላመጣ እኮ ነው የሄድኩት" አለ ታናሽየው፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ታላቅየው ዘሎ ወረደ፣ ገመዱን ተቀብሎ ጀልባዋን አስጠግቶ አሰረ። ከዚያ እጁን ለታናሹ ዘረጋ።

"ና፣ አብረን እንግባ።"

ታናሽየው አልተነሳም።

"ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ" ይላል፣ መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ። "ትንሽ ቆይ።"