ሁለት ሽቦ

እንኳየሁ እባላለሁ፤ ችኩል ነኝ። ጎንደር ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ችኮላዬ ግን የሰባት ቀን ልጄን ገደል አፋፍ ያደርሳታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

የዚያን ቀን ጠዋት አራዳ፣ አያ በላቸው ጋራዥ ነበርኩ። ኮሮላዬ በዕድሜ ከእኔ የምታንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። የማሞቂያዋ ፋን ሞቶ ከርሟል። ጊዜው ክረምት ነው፤ ባለቤቴን እስከዳርን ደግሞ ከነአራስነቷ አምባ ጊዮርጊስ እናቷ ቤት ላደርሳት ነው። አያ በላቸው ከሌላ መኪና የወለቀ የፋን ሞተር አገኙልኝና፣ «ቀብር ደርሼ ልምጣ፤ ስመለስ እገጥምልሃለሁ» አሉ።

«ኧረ አያ በላቸው፣ ሁለት ሽቦ እኮ ነው! እኔው እገጥመዋለሁ።»

«ሁለት ሽቦ ነው፤ ግን የሁለቱ መኪና ቀይና ጥቁር አይገጥምም። ተገልብጦ ከተቀጠለ ወደ ኋላ ይዞርብሃል። ድምፁን ሰምተህ እንዳትሄድ፤ እጅህን ደቅነህ ነፋሱን እይ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ቀጠልኩት፤ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ቁልፉን ስከፍት እምምም አለ። በቃ! ማን እጁን ይደቅናል? ውጭ ፀሐይ ነበረች። ምሳ ላይ ለእስከዳር «ሽማግሌው በሁለት ሽቦ አስፈራርቶኝ፣ እጅህን ደቅን ብሎኝ ሄደ» እያልኩ አሾፍኩ።

ስንነሳ፣ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት አማቴ እማማ እናኑ ከአራሷና ከሕፃኗ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየነኩ መዘጋታቸውን አረጋገጡ። እስከዳር ከተደገፈችው ትራስ ሥር ቢላዋ አኖሩ፤ አራስ ያለ ብረት አትቀመጥም።

የኮሶዬን መንደር አልፈን ብዙም ሳንሄድ ጉሙ ወረደ፤ ዝናቡም ተከተለ። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ማላብ ጀመረ። ፋኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እምምም ይላል። ያኔ እጄን ደቀንኩ። ምንም የለም።

በእጅጌዬ ስጠርገው ወዲያው ይሸፈናል። «እማማ፣ መስኮቷን ጣት ያህል ዝቅ ላድርጋት። መንገዱ እየጠፋኝ ነው።»

«ምነው እንኳየሁ! ልጄን ንፋስ አስመትተህ ልትፈጅብኝ ነው? በአራስ ላይ መስኮት ተከፍቶ ያውቃል?»

በእኛ ቤት የአማትና የአራስ ነገር ክርክር የለውም። እየዳበስኩ ነዳሁ።

ድንገት የከባድ መኪና ጥሩምባ ፊቴ ላይ ጮኸ። መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ተንሸራታ ዞረችና ቀጥ አለች፤ ከባዱ ሳይነካን አልፏል። ሕፃኗ ጮኸች። መስታወቱ ሁሉ ነጭ ነው፤ ወደየት እንደዞርን፣ ምን ላይ እንደቆምን አላውቅም። እስከዳርን፣ በምጧ ሌሊት «ማርያም ሆይ፣ ማሪልኝ» እያልኩ የተለማመንኩላትን፣ ማርያም የማረቻትን፣ እኔ ልገድላት?

«ወደፊት ፈቀቅ በል!» አሉ እማማ እናኑ። «መሀል መንገድ ቆመን ሌላው መጥቶ ይድጠን?»

«ወርጄ የት እንዳለን ልይ።»

«በሩ ቢከፈት ያው ንፋስ አይደል? ፈቀቅ በል ብዬሃለሁ!»

እውነታቸውን መሰለኝ። ማርሽ አስገባሁ።

«እንዳትንቀሳቀስ» አለች እስከዳር፣ በቀስታ። «መጀመሪያ ፋኑን ሥራው። አያ በላቸው እጅህን ደቅን ብለውህ ደቅነህ ነበር?»

«አልደቀንኩም። ሽቦውን ሳልገለብጠው አልቀረሁም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንደ እሾህ ነበር።

ማርሹን አወጣሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ፋኑን አጠፋሁ። ከመቀመጫዬ ወደ ጎን ተንጋልዬ ጭንቅላቴን ከመስታወቱ በታች ካለው ክሩስኮት ሥር ከተትኩ። ናስትሮውን ለመቅደድ ስል ነገር ያስፈልጋል፤ መሣሪያዬን አያ በላቸው ጋ ረስቼዋለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

«እማማ፣ ቢላዋውን።»

«የአራሷን ብረት?» አሉ፣ ትራሱን በእጃቸው ተጭነው።

«ስጪው እማ» አለች እስከዳር።

በስመ አብ ብለው አማተቡና አቀበሉኝ። በሌላ እጃቸው የስልኬን መብራት አበሩልኝ። ሁለቴ ሳትኩ፤ አንዴም አውራ ጣቴን ቆረጥኩት። በመጨረሻ ቀዩን ወደ ጥቁሩ፣ ጥቁሩን ወደ ቀዩ አዛውሬ ጠመዘዝኩ።

ማብሪያውን ስነካው እምምም አለ። እጄን ደቀንኩ። ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፌን መታኝ። ማልቀስ አማረኝ።

መስታወቱ ከታች ጀምሮ መዳፍ ያህል ጠራ፤ ቀስ እያለም ወደ ላይ ሰፋ። የሞተሩ ክዳን ታየኝ። ከክዳኑ ፊት ግማሽ ክንድ የማትሞላ ሣር ታየችኝ። ከሣሯ ወዲያ ግን መሬት የለም፤ ጉሙ ከታች ነው የሚወጣው።

«ፈቀቅ» ብል ኖሮ! እግዚኦ። እማማ እናኑ በመቀመጫዎቹ መሀል አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

እሳቸው ግን ነጠላቸውን ገፈው ሕፃኗንና እናቷን ደርበው ሸፈኑ። ከዚያ የመስኮቱን እጀታ ይዘው እስከ ታች አወረዱት። ንፋሱና ዝናቡ ገባ። ሽበታቸውን ለዝናቡ ሰጥተው አንገታቸውን አወጡ፤ ወደ ኋላ እያዩም፣

«መንገዱ ይታየኛል። ና፣ ወደ ኋላ ና… ቀስ ልጄ፣ ቀስ» አሉኝ።